ሠዓሊዎቹ ያልፈረሙበት ግድግዳ

በቺካጎ ከተማ የጥቁር አሜሪካውያን የአደባባይ ሥዕል እንዴት እንደ ተጀመረና ምን እንደ ደረሰበት

በግድግዳ ላይ ሥዕል መሣል ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የዘለቀ ሁሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሁለት ዐይናቸው፣ ክፉዎቹ በአንድ ዐይናቸው ሆነው ተሥለው ያያል፤ ሥዕሉን ያሣለውንም ባለጸጋ ከግርጌ ተደፍቶ ያገኘዋል። ከላይ ማን እንደሚሣል፣ ከታች ማን እንደሚሆን፣ ጨርሶ የማይሣለውስ ማን እንደ ሆነ ሥርዐት አለው። የሠዓሊው ስም ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

ዛሬ የምናወጋው ግድግዳ ከዚህ በብዙ ነገር ይለያል፤ በአንዳንድ ነገር ግን ይመስለዋል። ይኸውም በሰሜን አሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ 43ኛው መንገድና የላንግሊ ጐዳና በሚገናኙበት ጥግ ላይ በ1967 ዓ.ም. የተሣለው፣ አራት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ የጠፋው «የአክብሮት ግድግዳ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ዛሬ በቦታው ሄዶ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ነገር ግን በአሜሪካ ከተሞች በየመንደሩ ግድግዳ ላይ የጥቁር ሕዝብ ጀግኖችና የጥቁር ሕዝብ አቤቱታ ተሥሎ ሲታይ፣ የብዙው መነሻ ያ ጥግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ሰፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1910 ዓ.ም. በቺካጎ የሚኖሩት ጥቁሮች 44 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1960 ግን ቍጥራቸው ከ810 ሺህ አልፎ ነበር። ከዚህ ሕዝብ የሚበዛው ወይም እርሱ ራሱ ወይም ወላጆቹ ከደቡቡ ክፍል፣ ከሚሲሲፒ፣ ከአላባማና ከአርካንሳስ የመጡ ናቸው። በጥጥ እርሻ ላይ ዕዳው ከዓመት ዓመት የማያልቅ ጭሰኝነትና ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ የመሰቀል ፍርሃት ከኋላ እያባረራቸው፣ የቄራውና የብረት ፋብሪካው ደመወዝ ከፊት እየሳባቸው በባቡር ተጭነው መጡ። ከደረሱ በኋላ ግን ባሰኛቸው ሰፈር መኖር አልተፈቀደላቸውም። ባለቤቶች ቤታቸውን ለጥቁር እንዳይሸጡና እንዳያከራዩ እርስ በርሳቸው በውል ይተሳሰሩ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይገባም» ብሎ የፈረደው በ1948 ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን በልዩ ልዩ ዘዴ፣ ጥቁሩ ሕዝብ በከተማው ደቡብ በአንድ ጠባብና ረዥም ቦታ ላይ ታጭቆ እንዲኖር ተደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት በሳንቃ እየተከፈለ ለብዙ ቤተሰብ ይከራይ ነበር።

ሆኖም ሰፈሩ የመከራ ሰፈር ብቻ አልነበረም። በ1905 የተቋቋመው «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ እስከ ደቡብ ገጠር ድረስ ይነበብ ነበር። ጊታር መቺው ማዲ ዎተርስ በ1943 ከሚሲሲፒ መጥቶ የገበሬውን እንጉርጉሮ በኤሌክትሪክ ያሰማው በዚህች ከተማ ነው። በ1950 ከጥቁር ሕዝብ መጀመሪያ የፑሊትዘርን ሽልማት የተቀበሉት ባለቅኔዋ ወይዘሮ ግዌንዶሊን ብሩክስም ያደጉት እዚያው ነው። ሙያና ችሎታ ያለው ሰው ሞልቶ፣ ይህን ሙያና ችሎታ የሚያሳይ አደባባይ ግን አልነበረም። በከተማው መናፈሻዎች በፈረስ ላይ የተቀመጡት ሐውልቶች የሌሎች ነበሩ።

በ1966 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ቺካጎ መጥተው ስለ ቤት ኪራይ አድልዎ ሰላማዊ ሰልፍ ሲመሩ፣ በማርኬት ፓርክ በድንጋይ ራሳቸውን ተመቱ። በማግሥቱ ዓመት በጁላይ ወር በዲትሮይት በተነሣው ሁከት 43 ሰዎች ሞቱ። በወጣቶቹ ዘንድ «የጥቁር ሥልጣን» የሚለው ቃል መሰማት ከጀመረ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የእኛ ግድግዳ የተሣለው እንግዲህ በዚህ ትኵሳት መካከል ነው።

አንባቢ «ከዚያ በፊት ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ግድግዳ አልሣለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሥሏል እንጂ! አሮን ዳግላስ በ1934 ለሐርለም ቤተ መጻሕፍት፣ ሔል ውድረፍ በ1939 በአላባማ ለታላዴጋ ኮሌጅ፣ ቻርልስ ኋይት በ1943 በቨርጂኒያ ለሐምፕተን ተቋም የሠሯቸው ታላላቅ ሥዕሎች አሉ። እንዲያውም በ1936 በሐርለም ሆስፒታል ጥቁር ሠዓሊዎች ንድፍ ሲያቀርቡ፣ የሆስፒታሉ ሹም «የጥቁር ሰው ነገር በዛበት» ብለው ስላልተቀበሉት ክርክር ተነሥቶ ነበር። በጥቁሮች ሰፈር ላለ ሆስፒታል ጥቁር ሰው በዛ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው። የሆነ ሆኖ እነዚህ ሥዕሎች ሁሉ በጣራ ሥር፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በኮሌጅና በሆስፒታል ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ሊያያቸው የሚፈልግ ሰው በር ማለፍ ያስፈልገዋል፤ ምን እንደሚሣልባቸውም የሚፈቅደው በሩን የያዘው ነው።

ጀግና ማን ነው?

በ1967 ጸደይ በቺካጎ አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ድርጅት ሲሆን፣ ባጭሩ «ኦባሲ» ይሉታል። በዮሩባ ቋንቋ «ኦባ» ንጉሥ ማለት ስለ ሆነ፣ አጠራሩ ይህን እንዲያስታውስ ታስቦ ነበር። በውስጡ የጸሐፊዎችና የሠዓሊዎች ክፍል ነበረው። የሠዓሊዎቹ ክፍል አብሮ የሚሠራ አንድ ነገር ሲያስብ፣ ሚስተር ዊልያም ዎከር የተባሉት ሠዓሊ «እኔ ግድግዳ አለኝ» አሏቸው።

ዎከር በ1927 በአላባማ በበርሚንግሐም ከተማ የተወለዱ፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በኮሎምበስ የሥዕል ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ከ43ኛው መንገድ ሰዎች ጋር አስቀድመው ይተዋወቁ ነበር። ግድግዳው ባለ አንድ ፎቅ የሆነ፣ መሸታ ቤትና ሱቅ የነበረበት፣ ግማሹ ባዶ የቀረ አሮጌ ሕንፃ ጐን ነው። የሕንፃው ባለቤት በሰፈሩ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ፈቃድም አልተጠየቀም። ፈቃድ የተጠየቁት በሰፈሩ የሚነግዱትና የሚኖሩት ናቸው። በዚያ ወገን የሚፈሩት የጐረምሶች ቡድኖችም ጭምር ተጠየቁ፤ እነርሱ እሺ ያላሉት ሥራ በዚያ ጥግ ሌሊቱን አያድርም ነበርና።

ሠዓሊዎቹ ብሩሽ ከማንሣታቸው በፊት በሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ማንም ስሙን በሥራው ላይ አይፈርምም። ሁለተኛ፣ ማንም በዚህ ሥራ ለራሱ ዝና ወይም ገንዘብ አይፈልግበትም። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ጀግና ማን እንደ ሆነ መለየት። በማኅበሩ አሳብ ጀግና ማለት የጥቁርን ሕዝብ ኑሮ ውበት በአኳኋኑ የሚያሳይ፣ ከእርሱ በታች ያሉትን ወንድሞቹን የማይረሳ፣ ሥራውም ሌላ ሰው ሊተካው የማይችል ሆኖ የተገኘ ነው። እንግዲህ ሀብታም መሆን ብቻውን አይበቃም፤ በነጮች ዘንድ መመስገንም አይበቃም።

ሥራው የተጀመረው በኦገስት ወር ነው። ሚስዝ ሲልቪያ አበርናቲ የግድግዳውን አከፋፈልና የቀለሙን አመዳደብ ነደፉ። በዚያ ዘመን አንዲት ወጣት ሴት ይህን ያህል ሥራ መምራቷ ሊነገርላት የሚገባ ነው። ግድግዳው በመስኮቶቹና በበሮቹ እየተከፋፈለ ለፖለቲካ መሪዎች፣ ለስፖርተኞች፣ ለዘፋኞች፣ ለጃዝ ሙዚቀኞች፣ ለቴያትር፣ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሃይማኖት ተሰጠ። ዳንሱ ደግሞ ከሕንፃው አጠገብ በነበረችው የጋዜጣ መሸጫ ኪዮስክ ላይ ተሣለ፤ የሠሩትም ካሮሊን ሎረንስ ናቸው። ለያንዳንዱ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሠዓሊ ተመደበ። ጄፍ ዶናልድሰን ከኤልየት ሐንተር ጋር ጃዙን፣ ዋድስወርዝ ጃረል ዘፋኞቹን፣ ባርባራ ጆንስ ቴያትሩን፣ ማይርና ዊቨር ስፖርቱን፣ ኤድዋርድ ክሪስማስ ሥነ ጽሑፉን፣ ኖርማን ፓሪሽ የፖለቲካ መሪዎቹን፣ ዎከር ራሳቸው ሃይማኖቱን ያዙ። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩ፤ እነ ሮይ ሉዊስ፣ ዳሪል ካውኸርድና ቦቢ ሴንግስታክ ያነሷቸው ትልልቅ ፎቶግራፎች ከሥዕሉ ጋር እየተቀላቀሉ በግድግዳው ላይ ተሰቀሉ።

ቀለሙንና መወጣጫውን የገዙት ከኪሳቸው ነው። ሲሠሩም ብቻቸውን አልነበሩም። የ43ኛው መንገድ ሰው ከቡና ቤቱ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ወጥቶ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ዕረፍታቸው ሮጠው፣ አሮጊቶች ወንበር አውጥተው ይመለከቱ ነበር። ሲመለከቱም ዝም አይሉም። አፍንጫው አልመሰለም፣ ያኛው ተረሳ፣ ይህኛው ምን ሠራና ነው የሚባል ነገር ከታች ወደ መወጣጫው ይወረወራል። በሥዕል ማሳያ አዳራሽ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም ብሎ የሚያልፍ ተመልካች የለመደ ሠዓሊ እንዲህ ያለውን ፍርድ ቤት መቼ አይቶት ያውቃል!

ከ50 የሚበልጡ መልኮች ተሣሉ። ማልኮልም ኤክስ፣ ማርከስ ጋርቬይ፣ ስቶክሊ ካርማይክል ከፖለቲካው ወገን ነበሩ። (ጋርቬይ ያቋቋሙት ማኅበር በ1920 የተቀበለው መዝሙር በአገራችን በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ እንደ ነበረ ብዙ አንባቢ ያውቃል።) ከጃዙ ወገን ቻርሊ ፓርከር፣ ቴሎኒየስ መንክ፣ ማይልስ ዴቪስ፣ ኒና ሲሞን ይገኙበታል። ጆን ኮልትሬን ደግሞ የሞተው ሥዕሉ ከመጀመሩ ከጥቂት ሳምንት በፊት በጁላይ 17 ስለ ነበር፣ መልኩ በግድግዳው ላይ ሲወጣ የኀዘን ጊዜው ገና አላለፈም። ከዘፋኞቹ ቢሊ ሆሊደይ፣ ሬይ ቻርልስ፣ ጄምስ ብራውን፣ አሪታ ፍራንክሊን ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስና ወይዘሮ ግዌንዶሊን ብሩክስ አሉ።

ስለ ቦክሰኛው ስለ መሐመድ ዓሊ ግን ጥቂት መጨመር ይገባል። ዓሊ በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ የዓለም ሻምፒዮንነት ማዕርጉን ተገፎ፣ በጁን ደግሞ ተፈርዶበት ነበር። የቦክስ ሹማምንት «ሻምፒዮን አይደለህም» ባሉት በአራት ወር ያህል ውስጥ የ43ኛው መንገድ ግድግዳ ሻምፒዮን አድርጎ አወጣው። ሥዕል አቤቱታም ፍርድም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

የቀሩትም ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ዶክተር ኪንግ በግድግዳው ላይ አለመሣላቸው ነው። በዚያች በጋ በዚያ ጥግ ለሚሰበሰቡት ወጣቶች የዶክተር ኪንግ መንገድ የለዘበ ሆኖ ታያቸው። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በአፕሪል 4 ቀን 1968፣ ዶክተር ኪንግ ተገደሉ። ዛሬ በየትም ከተማ የጥቁር ጀግኖች ግድግዳ ሲሣል መጀመሪያ የሚሣሉት እሳቸው ናቸው።

ሌላም ችግር ነበር። በሃይማኖቱ ክፍል የጥቁር ሙስሊሞች መሪ የነበሩት ኤላይጃ መሐመድ ተሥለው ነበር። ማልኮልም ኤክስ ደግሞ ከእሳቸው ተለይቶ በ1965 የተገደለ ሰው ነው። የኤላይጃ መሐመድ ተከታዮች «የእኛ መሪና ማልኮልም በአንድ ግድግዳ ላይ አይሆኑም» ብለው ተቃወሙ። ዎከር ማልኮልምን አላጠፉም፤ ኤላይጃ መሐመድን አጥፍተው፣ በቦታቸው በ1831 በቨርጂኒያ የባሪያዎችን ዐመፅ የመራውን ናት ተርነርን ሣሉበት።

በዚያው ወር በከተማው መካከል ሌላ የሥዕል ጥበብ በዓል ተደርጎ ነበር። በኦገስት 15 ቀን ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ የታላቁን የፒካሶን የብረት ሐውልት ለሕዝብ ገለጡ። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱ ከ160 ቶን በላይ ነው። ሸማው ሲነሣ ሕዝቡ «ይህ ምንድን ነው?» ተባባለ፤ አንዱ ሴት ነች አለ፣ አንዱ ዝንጀሮ ነው አለ፣ አንዱ ውሻ ነው አለ። ወይዘሮ ግዌንዶሊን ብሩክስ በከንቲባው ጥሪ ለዚያ በዓል ግጥም ጽፈው አነበቡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በ43ኛው መንገድ ለግድግዳው በዓል ሌላ ግጥም አቀረቡ፤ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍም ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አኖሯቸው። የፒካሶን ሐውልት ማናናቃችን አይደለም፤ ዛሬ የከተማው ኩራት ነው። ነገር ግን በ43ኛው መንገድ በግድግዳው ፊት የቆመ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸው ነበር። ከላይም የሥራው ምክንያት ተጽፎ ነበር፤ ጥቁር ጀግኖቻችንን ለማክበርና ሰፈራችንን ለማስዋብ ተሠራ የሚል።

ከዚያ በኋላ ጥጉ ጥግ ብቻ መሆኑ ቀረ። ስብሰባ ሲጠራ በግድግዳው ፊት ነው፤ ሙዚቃ የሚመቱት፣ ግጥም የሚያነቡት፣ ንግግር የሚያደርጉት እዚያ መጡ። ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች እየመሩ «ይህ እገሌ ነው፤ ይህን ሠራ» እያሉ ያስረዱ ነበር። የታሪክ መጽሐፍ ያልነገራቸውን ከግድግዳ ተምረው ለሌላው አስተማሩ።

ኖራና እሳት

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አላለቀም። ግድግዳው በተመረቀ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የፖለቲካ መሪዎቹ ክፍል፣ ማለት የኖርማን ፓሪሽ ሥራ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ጠፋ። በምትኩ ዩጂን ዌድ፣ ወይም በሠዓሊነት ስማቸው ኤዳ፣ በዎከር ተጋብዘው ሌላ ሣሉበት። ዎከር ሰፈሩ ያን ክፍል አልወደደውም ብለው ያምኑ ነበር። ከማኅበሩ ጓደኞቻቸው ግን ብዙዎቹ አልተማከሩም፤ የተሰማቸውም ቍጣ ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠዓሊዎቹ ክፍል እንደ ቀድሞው አብሮ አልሠራም።

በእኛ አስተያየት የጓደኛን ሥራ ሳይነግሩ ማጥፋት ምንም ምክንያት ቢቀርብለት የሚያስመሰግን አይደለም። ግን ጥያቄው በዚህ ብቻ የሚዘጋ አይመስለንም። ሠዓሊዎቹ ስማችንን አንፈርምም፣ ሥራው የሰፈሩ ነው ብለው ከተስማሙ፣ ፓሪሽ «ሥዕሌን» ብሎ ሊከራከር ይችላልን? ሰፈሩ አልወደደውም ከተባለስ፣ ሰፈሩ የተናገረው በማን አፍ ነው? በቡና ቤቱ በር የቆሙት ናቸው፣ የጐረምሶቹ አለቆች ናቸው፣ ወይስ ወንበር አውጥተው የሚመለከቱት አሮጊቶች? የሰፈር ፊርማ በወረቀት ላይ አይገኝም። ግድግዳው የማንም ባለመሆኑ ሁሉም የእኔ ነው አለው፤ በዚያው ምክንያት ሊያጠፋው የሚችል እጅም በዛ።

ዶናልድሰን፣ ጃረል፣ ባርባራ ጆንስና ሌሎች በ1968 «አፍሪኮብራ» የተባለውን የሠዓሊዎች ማኅበር መሠረቱ። ዎከርና ኤዳ ደግሞ በመንገድ ሥዕል ቀጠሉ፤ በዚያው ዓመት ወደ ዲትሮይት ሄደው «የክብር ግድግዳ» የተባለውን ሠሩ። በቦስተን በሮክስበሪ ሰፈርም ዴና ቻንድለርና ጋሪ ሪክሰን የራሳቸውን ጀመሩ።

በ1969 የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት አሮጌ ሰፈሮችን ለማደስ ሲል ያን ጥግ ለማፍረስ አሰበ። የሰፈሩ ሰው ግድግዳችን አይነካም ብሎ ተሰለፈ። በዚያው ወራት በመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ እነ ዎከር «የእውነት ግድግዳ» የተባለውን ሣሉ። የመጀመሪያው ጀግኖችን ያከበረ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ረኀቡን፣ የፖሊሱን ዱላና የቤቱን ችግር ያሳየ ነበር። በ1971 ግን የአክብሮቱ ግድግዳ ያለበት ሕንፃ ተቃጠለ። ከእሳቱ በኋላ ፈረሰ፤ ቦታው ባዶ ሆነ። የቀረው ፎቶግራፍ ነው። በ1967 ዓ.ም. ያን ያህል ፎቶግራፍ አንሺ በቦታው ባይገኝ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ቀለሙ የምናውቀው በወሬ ብቻ በሆነ ነበር።

ዎከር በ1970 ከጆን ዌበርና ከኤዳ ጋር የቺካጎ የግድግዳ ሠዓሊዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ጆን ዌበር ነጭ ናቸው፤ ማኅበሩም ከልዩ ልዩ ዘር የተሰበሰበ ነበር። በ1971 ዎከር በከተማው ሰሜን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ላይ የሰው ዘር ሁሉ ተያይዞ የሚታይበትን «የሰው ልጅ ሁሉ» የተባለ ሥዕል ጀመሩ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደባቸው። እሳቸው በ2011 በ84 ዓመታቸው አረፉ። በዲሴምበር 2015 ሕንፃው ለሽያጭ በቀረበበት ጊዜ ያ ሥዕል ነጭ ቀለም ተቀብቶ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሰፈሩ አልወደደውም የሚል ምክንያት እንኳ አልነበረበትም።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘበት ስፍራ አለ። ጄፍ ዶናልድሰን በ1970 በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ክፍል በ1970ዎቹ ዓመታት ማስተማር የጀመሩት አንዱ የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ናቸው። ከ43ኛው መንገድ መወጣጫ የወረደው ሰውና የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል በዘመናዊ ጥበብ የመረመረው የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ኮሪደር ያስተምሩ ነበር ማለት ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ጥቂት ርቆ የሚገኘውን የዩ መንገድ ደግሞ በዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአካባቢው የእንጀራ ቤት ሞልቷል። እዚያው መንገድ ላይ በ«ቤንስ ቺሊ ቦል» ምግብ ቤት ጐን ግድግዳ በ2012 ሠዓሊው አኒየካን ኡዶፊያ የታወቁ ጥቁር ሰዎችን ሥሎ ነበር፤ ከነዚያም አንዱ ቀልደኛው ቢል ኮዝቢ ነው። በኮዝቢ ላይ ብዙ ሴቶች ክስ ካሰሙ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ ግድግዳው ተቀባ። አዲሱ ሥዕል ላይ ማን ይውጣ የሚለው ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ በዚያው ዓመት በዚያው ሠዓሊ እጅ እነ ኦባማ፣ እነ መሐመድ ዓሊ፣ እነ ሐሪየት ተብማን ወጡበት። በ1967 በመወጣጫው ሥር በጩኸት የተደረገው ምርጫ በሃምሳ ዓመቱ በቍጥር ተደረገ እንጂ፣ ክርክሩ ያው ነው።

ከዚያው ከተማ ሌላ ነገር እናንሣ፤ ግድግዳ ሳይሆን መንገድ ነው። በ2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ፣ በጁን 5 ቀን የዋሽንግተን ከንቲባ ወደ ዋይት ሐውስ በሚወስደው መንገድ አስፋልት ላይ «የጥቁር ሕይወት ዋጋ አለው» የሚለውን ቃል በታላላቅ ቢጫ ፊደል አስጻፉ። በሰማይ ከሚበር አውሮፕላን ይታይ ነበር። በማርች 2025 ግን፣ በምክር ቤቱ ቃሉ ካልተነሣ የከተማው ገንዘብ ይያዝ የሚል ረቂቅ ከቀረበ በኋላ፣ ያው የከንቲባዋ ማዘጋጃ ቤት በመቆፈሪያ መኪና ፍቆ አነሣው። የ43ኛው መንገድ ሰዎች በ1969 ማዘጋጃ ቤቱን ለመከላከል በግድግዳቸው ፊት ቆመዋል። ይህኛውን ያስጻፈው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ስለ ነበር፣ ለማንሣት አንድ ትእዛዝ በቃው።

ከዎከር ሥራዎች ዛሬም በአደባባይ የሚገኝ አለ። በቺካጎ በሃይድ ፓርክ ሰፈር፣ በ56ኛው መንገድ፣ ባቡሩ በላዩ በሚያልፍበት ድልድይ ሥር በ1977 የሣሉት «ልጅነት አድልዎ አያውቅም» የሚባለው ሥዕል ነው፤ የልዩ ልዩ ዘር ልጆች ፊታቸው እርስ በርሱ ተደራርቦ ይታያል። የውጪ ሥዕል ጠላቱ ብዙ ነው። በቺካጎ ክረምት ውሃ ወደ ጡቡና ወደ ሲሚንቶው ይሰርጋል፤ ሲበርድ ይረጋል፤ ሲረጋ ይሰፋና ቀለሙን እየገፋ ይፈለፍለዋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ፀሐይ ቀይና ቢጫውን ያደበዝዘዋል። በ1993 ኦሊቪያ ጉድ የተባሉ ሠዓሊ ይህን ሥዕል ከጠፋው ከፍለው እንደገና አወጡት። እንዲህ ያለው ሥራ አዲስ ከመሣል ይልቅ አድካሚ ነው። የተላጠው ይጠረጋል፤ ግድግዳው ይታጠባል፤ የቀረው ቀለም እንዳይወድቅ ይጠበቃል፤ ከዚያም በቀድሞው ፎቶግራፍ እየተመሩ የሠዓሊውን መስመር ሳይለቁ መቀባት ነው። ድልድዩ ሥር ባቡር ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ የሰፈሩም ልጆች ወደ ሐይቁ ሲወርዱ በዚያ ያልፋሉ።